አራሷን ከመጠየቃችን በፊት

(ጎንደር ከተማ ውስጥ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለባሎቻቸውና ለአማቶቻቸው ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ዝናቡን ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ወንዶቹን ደግሞ ለብቻ አመሰግናለሁ። ስለ እርግዝና ሲወራ ወንበሩን ሴቶች ብቻ ሲሞሉት አዝናለሁ። ዛሬ የምናገረው አብዛኛው ነገር የአባወራና የአማት ጉዳይ ነውና።

እኛ ጎንደሬዎች አራስ ማረስ እናውቅበታለን። ገንፎው ይገነፋል። ቅቤው ይነጠራል። አጥሚቱ ይፈላል። አቅም ያለው በግ ያርዳል፣ የሌለው ዶሮ። ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። አራሷ እቃ እንድታነሳ እንኳ አይፈቀድላትም። ይህ ወግ ድንቅ ነው። አንዲት ነገር እንድትቀነስበት አልፈልግም።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ይህችው ሴት ከወር በፊት እንዴት ነበረች? ከቦኖ ውሃ ቀድታ ጀሪካን ተሸክማ ዳገት ስትወጣ ነበር። ጭስ ውስጥ እንጀራ ስትጋግር ነበር። ባሏና ልጆቿ በልተው ሲነሱ ትሪው ላይ የቀረችውን ስትቀምስ ነበር። መንገድ ላይ ስናገኛት «ማርያም ትቅረብሽ» እንላታለን፤ ጀሪካኑን ግን አንቀበላትም። የልጇ አንጎል መሠረት የተጣለው በእነዚያ ወራት ነው። ገንፎው ሲደርስ ያ ሥራ አልፏል።

ስለዚህ ዛሬ የምለምናችሁ ይህን ነው፦ የአራስ ወጋችንን ወደ ኋላ እንሳበው። ወደ እርግዝናው፣ እንዲያውም ከእርግዝናው በፊት ወዳለው ጊዜ።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

ፅንሱ በሦስተኛው ሳምንቱ ላይ ገና ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ነው። ጀርባው ላይ ጠፍጣፋ የሴሎች ንጣፍ አለ። ይህ ንጣፍ እንደ እንጀራ መጠቅለል ይጀምራል። ሁለቱ ጠርዞቹ ይነሳሉ፣ ይቀራረባሉ፣ ይገጥማሉ። ቱቦ ይሆናል። የላይኛው ጫፍ አንጎል ይሆናል፤ የታችኛው ደግሞ ጀርባ ውስጥ የሚወርደው ሕብለ ሰረሰር። ይህ የነርቭ ቱቦ ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል።

28 ቀን! እስቲ አስቡት። ያኔ የእናትየዋ የወር አበባ ከቀረ ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው። ብዙዎቻችን «ትንሽ ዘገየብኝ» ብለን የምናልፍበት ጊዜ ነው። የወሊድ መከላከያ መርፌ ወይም ክኒን ስትወስድ ቆይታ ያቆመች ሴት ደግሞ የወር አበባዋ ስለሚዛባ ጭራሽ አትጠረጥርም። ብትጠረጥርም ለሰው አትናገርም። ሆዷ እስኪገፋ ትደብቀዋለች፤ የሰው ዓይን ትፈራለች፣ ታፍራለች። ለክትትል ጤና ጣቢያ ስትመጣ አራተኛ ወይም አምስተኛ ወሯ ነው። ካርድ ታወጣለች፣ ክኒን ይሰጣታል። ክኒኑ ለሌላ ብዙ ነገር ይጠቅማታል። ለነርቭ ቱቦው ግን አልፎበታል።

ቱቦው ሳይገጥም ሲቀር ምን እንደሚሆን አንዳንዶቻችሁ በዓይናችሁ አይታችኋል። ላይኛው ካልተዘጋ ሕፃኑ በሕይወት መቆየት አይችልም። ታችኛው ካልተዘጋ ጀርባው ላይ ክፍት ወይም እብጠት ይዞ ይወለዳል፤ እግሩ ላይታዘዝለት፣ ሽንቱን ላይቆጣጠር ይችላል። ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ ተቋጥሮ የሚያብጥበትም አለ። ይህ ችግር በሀገራችን ብዙ ነው። እርግማን ነው የሚሉ አሉ። የእናትየዋ ኃጢአት ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም አይደለም። መንስኤው ብዙ ነው፤ በዘር የሚመጣ ድርሻም አለው። ትልቁንና በእጃችን ያለውን ግን እናውቀዋለን፤ ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን እጥረት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1991 የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት የመራው ጥናት ውጤቱን ይፋ አደረገ። በ7 ሀገሮች፣ በ33 ማዕከላት የተካሄደ ነው። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶች ከመፀነሳቸው በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ፣ ችግሩ የመደገም ዕድሉ በ72 በመቶ ቀነሰ። ለሌሎቻችን የሚመከረው በቀን 400 ማይክሮግራም ነው፤ ከመፀነስ በፊት ጀምሮ እስከ ሦስተኛው ወር መጨረሻ ድረስ። ጎመንና ምስር ፎሌት አላቸው፤ ፎሌት ይኸው ቫይታሚን በምግብ ውስጥ ሲገኝ የሚጠራበት ስም ነው። ግን ስናበስላቸው ብዙው ይጠፋል፤ ምግቡ ብቻውን አይበቃም።

አሁን ወደ ሰርጋችን ልምጣ። ጥምቀት ሲያልፍ ጎንደር ድንኳን በድንኳን ይሆናል። ከፋሲካ በኋላም እንዲሁ። ለቪዲዮው፣ ለሚዜው፣ ለመኪናው ስንት ይወጣል! የፎሊክ አሲድ ክኒን ርካሽ ነው። ሙሽራዋ ከሰርጉ በፊት መውሰድ ብትጀምር፣ ልጅ ወዲያው ለመውለድ ያሰቡ ጥንዶች ይህን ከጥሎሹ እኩል ቢያስቡት ምኑ ይከብዳል? መርፌውን ወይም ክኒኑን ለማቆም ጤና ጣቢያ የምትሄድ እናትም በዚያው «ፎሊክ አሲድ ይሰጠኝ» ትበል። ባለሙያው ቢረሳ እንኳ እሷ ትጠይቅ።

አሁን ደግሞ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያሉትን ሁለት ሰሃኖች ተመልከቱልኝ። ሁለቱም ላይ ጨው ነው። ቅዳሜ ገበያ ገብቼ የገዛሁት ነው። ይኸኛው ከተከፈተ ማዳበሪያ በጣሳ የተሰፈረ። ይኸኛው በላስቲክ ታሽጎ አዮዲን የሚባለው ማዕድን እንዳለው የተጻፈበት። በዓይን ልዩነት የላቸውም። አሁን ከዚህች ትንሽ የአዮዲን መመርመሪያ ጠርሙስ በየሰሃኑ አንድ ጠብታ ላድርግ። … አያችሁ? የታሸገው ወይን ጠጅ ሆነ። በጣሳ የተሰፈረው ነጭ እንደሆነ ቀረ። ከፊት ያላችሁ እህቶች፣ ሰሃኖቹን ለኋለኞቹ አዙሩልኝ።

ያ ቀለም አዮዲን መኖሩን ያሳያል። አዮዲን ከሌለ ሰውነት የታይሮይድ ሆርሞን መሥራት አይችልም። ይህን ሆርሞን የሚሠራው አንገት ላይ ያለው እጢ ያለችውን አዮዲን ለማጠራቀም ሲታገል ያብጣል፤ እንቅርት የምንለው ይህንን ነው። ደጋ ላይ ለዘመናት የወረደው ዝናብ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ወስዶታል። እህላችንም ውሃችንም ከዚያው አፈር ነው። ስለዚህ ከውጭ በጨው ካልገባልን ሌላ መንገድ ብዙም የለንም።

እንቅርቱ በዓይን ስለሚታይ ያሳስበናል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የማይታየው ነው። አዲስ የተሠሩ የነርቭ ሴሎች ከተሠሩበት ቦታ ተነሥተው ወደሚቀመጡበት መጓዝ አለባቸው። የአንጎል የላይኛው ቅርፊት ብቻውን 16 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሴሎች አሉት፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሕፃኑ ሳይወለድ የተሠሩ ናቸው። ይህን ጉዞ በሥርዓት እንዲሄድ ከሚያደርጉት አንዱ የታይሮይድ ሆርሞን ነው። በእርግዝናው የመጀመሪያ አጋማሽ ደግሞ የፅንሱ የራሱ እጢ ገና ሥራ አልያዘም። ያለው የእናቱ ሆርሞን ብቻ ነው። እሷ ካነሳት እሱም ያንሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የአዮዲን እጥረትን በዓለም ላይ በቀላሉ መከላከል ከሚቻሉ የአንጎል ጉዳት መንስኤዎች ዋነኛው ነው የሚለው ለዚህ ነው። ጉዳቱ ሁልጊዜ ጎልቶ አይታይም። ትምህርት የማይገባው፣ «ሰነፍ ነው» እየተባለ የሚገረፍ ልጅ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በፓፑዋ ኒው ጊኒ ተራሮች አዮዲን ያለው ዘይት ለሴቶች በመርፌ ተሰጥቶ ነበር። ከባዱን የአእምሮና የመስማት ጉዳት የተከላከለው በተለይ ከመፀነሳቸው በፊት ለተወጉት ነበር። ይሄም ወደዚያው ወደ መጀመሪያው ነገሬ ይመልሰኛል። ቀድሞ መድረስ!

ሀገራችን በ2003 ዓ.ም. ባወጣችው ደንብ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት አድርጋለች። ግን ሳህኑ ላይ እንዳያችሁት ሁሉም ጨው እኩል አይደለም። ገበያ የሚወጣው ሰው፣ ባልም ይሁን አማት፣ የታሸገውን ይግዛ። ቤት ሲገባ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ። ከምድጃው አጠገብና ከፀሐይ ይራቅ። ጨው አጥባችሁ የምትጠቀሙ ካላችሁ፣ አዮዲኑን ነው የምታፈሱት። ወጡ ላይም ሊወጣ ሲል ጨምሩት፤ ሲንተከተክ የቆየ አዮዲን ይተናል። ልክ ግን ያስፈልጋል፤ ጨው አብዙ እያልኩ አይደለም። ጥራቱን ቀይሩ ነው የምለው።

ስለ ደም ማነስ እንነጋገር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ቡና ላይ ስለሚያርፍ።

አንዲት ነፍሰ ጡር በእርግዝናዋ ሁሉ አንድ ግራም ያህል ብረት ያስፈልጋታል። ትንሽ ይመስላል፤ ከምግብ ብቻ ለማግኘት ግን በጣም ብዙ ነው። ፅንሱ ከእናቱ የሚወስደው ብረት አብዛኛው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት የሚወሰድ ነው። እነዚህ ወራት አንጎሉ በፍጥነት የሚያድግባቸው ናቸው፤ በአምስተኛው ወር ልሙጥ የነበረው አንጎል ያን የምናውቀውን መታጠፍ የሚያገኘው ያኔ ነው። ብረት የነርቭ ሽፋን ለመሥራት ይገባል፣ ለማስታወስ ችሎታ ይገባል። ብረቱ ሲያንስ ግን የፅንሱ ሰውነት መጀመሪያ የሚሰጠው ለቀይ የደም ሴሎቹ ነው። አንጎሉ ኋላ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ሕፃኑ ሲወለድ ደሙ ደህና መስሎ፣ አንጎሉ ግን ብረት ተርቦ ሊሆን ይችላል።

ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ክኒን ብረትና ፎሊክ አሲድ አንድ ላይ ያለው ነው። ስንቶቻችሁ ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጣችሁ ረስታችሁታል? አፍ ያስመርራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያደርቃል። ሰገራን ያጠቁራል፤ ይሄኛው አያስፈራም። ሲያቅለሸልሽ ማታ ስትተኙ ዋጡት። ካልሆነ አዋላጇን አማክሩ እንጂ አትጣሉት። «ልጁን ያገዝፈዋል፣ ምጡን ያከብደዋል» የሚባለው ደግሞ ልክ አይደለም። ደሟ ያነሰ እናት ነች ምጥ የሚከብዳት፤ ትንሽ ደም ሲፈሳት እንኳ ትጎዳለች።

ቡናውስ? አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተዉ አልልም። ከማዕዱ ጋር ግን አታያይዙት። ቡናና ሻይ ከምግብም ከክኒንም ጋር ሲገናኙ ብረቱን ይይዙታል፤ ሆድ ውስጥ ገብቶ ሳይጠቅም ይወጣል። ከበላችሁ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይለፍ። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ቁጥሩም ይቀንስ፣ ስኒውም ይቅጠን። ክኒኑን በሎሚ ውሃ ወይም ከብርቱካን ጋር ብትወስዱት ብረቱ የበለጠ ይገባል። አፈር መብላት፣ የግድግዳ ጭቃ መላስ የሚያምራችሁም ካላችሁ አትፈሩ፣ ለባለሙያ ንገሩ። ብዙ ጊዜ የደም ማነስ ምልክት ነው።

ስለ ጾም የሚጠየቀውን አውቃለሁ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ከምግቡ ዓይነት በላይ እኔን የሚያስጨንቀኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መዋሉ ነው። ፅንሱ ምግቡን በእናቱ ደም በኩል ያለማቋረጥ ይፈልጋል። የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ነፍሰ ጡርን የሚያስገድዱ አባቶች እኔ አላጋጠሙኝም፤ ብዙ ጊዜ የምትጾመው ራሷ ናት፤ ሰው ምን ይለኛል ብላ። በእስልምናም ነፍሰ ጡር ለራሷ ወይም ለልጇ ከፈራች ረመዳንን ማቆየት ተፈቅዶላታል። ያም ሆኖ ሁዳዴን መጾም የምትፈልግ እናት በቀኑ ውስጥ ደጋግማ ትብላ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሱፍ፣ ጎመን ይቀያየርላት። ቫይታሚን ቢ 12 ግን ከእንስሳት ምግብ እንጂ ከእነዚህ አይገኝም። እሱም ለነርቭ ያስፈልጋል። ስለዚህ በፍስኩ ጊዜ እንቁላሉና ወተቱ ይግባላት። ከጎርጎራ የሚመጣው ዓሣም ለአንጎል ግሩም ነው። ወተት የጠጣች እናት ልጅ ጭንቅላቱ ላይ ነጭ ነገር ተለጥፎ ይወለዳል የሚባለው ከወተቱ ጋር ግንኙነት የለውም። ያ ነጭ ነገር የሕፃኑን ቆዳ ማህፀን ውስጥ የሚጠብቅ ቅባት ነው፤ ወተት በማትቀምስ እናት ልጅ ላይም አለ።

ከወትሮው ቢያንስ አንድ ማዕድ ይጨመርላት። ከሁሉ በኋላ ሳይሆን ከሁሉ ጋር ትብላ።

ጠላና ኮረፌን ላንሳ። «ጠላ እኮ ምግብ ነው» ይባላል። አልኮል በእንግዴ ልጁ በኩል ያልፋል፤ የፅንሱ ጉበት ደግሞ ሊያጣራው አቅም የለውም። አልኮል በማደግ ላይ ያለውን አንጎል ይጎዳል፤ ምን ያህሉ አይጎዳም የሚባል ልክ አልተገኘለትም። በክርስትናና በሰርግ ቤት ነፍሰ ጡር ካያችሁ ዋንጫውን አታስጠጉባት፤ ውሃ ወይም ጭማቂ ስጧት። «ትንሽ ቅመሽ» እያላችሁ አታስጨንቋት። አረቄማ ጨርሶ። ኮሶም በእርግዝና አይጠጣም፤ የሆድ ትል ካለ ከመጀመሪያው ሦስት ወር በኋላ ጤና ጣቢያ የሚሰጥ መድኃኒት አለ።

ወባ ለጎንደር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደምቢያ ላይ የወረደው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በ1954 እዚህ ከተማ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ባለሙያዎቹን ሰው ታሞ እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ ወደ ገጠሩ ይልክ ነበር። እኔም የተማርኩት ያንን መንገድ ነው። ወባ በነፍሰ ጡር ሲሆን ደሟን ያፈርሳል፣ እንግዴ ልጁ ውስጥ ይደበቃል፣ ልጁን ያቀጭጫል። ደሟ ያነሰች ሴት ወባ ሲጨመርባት እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። አጎበሩ ለእሷ ይዘርጋ። ቂጥኝን፣ ኤች አይ ቪንና ሄፓታይተስን በክትትል መመርመርም የአንጎል ጉዳይ ነው፤ በተለይ ቂጥኝ በጊዜ ሲታወቅ በመርፌ ይድናል።

ደም ግፊትን አጥብቄ አደራ እላችኋለሁ። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚመጣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ዓይን መጭለምለም፣ ከጡት በታች ያለ የሆድ ሕመም፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት ከታየ በዚያኑ ሰዓት ሐኪም ቤት። ጸበል የምትወስዷት ከሆነም መጀመሪያ ግፊቷ ይለካ። ማመንና መታከም አይጣሉም።

የመጨረሻው ስለ ጭንቀት ነው። ባለፉት ዓመታት ይህ ከተማና ዙሪያው ብዙ አይቷል። የተኩስ ድምፅ ሰምተን አድረናል፣ መንገድ ተዘግቶብናል፣ ዘመድ ተፈናቅሎብናል። ነፍሰ ጡሮችም በዚያ ውስጥ አልፈዋል። ስንጨነቅ ሰውነታችን ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። እንግዴ ልጁ አብዛኛውን ሰብሮ ያስቀረዋል። ጭንቀቱ ሲበረታና ሲረዝም ግን የሚያልፈው ይበዛል። እ.ኤ.አ. ከ1944 ወደ 1945 በተሻገረው የብርድ ወቅት ኔዘርላንድስ በጦርነት ተከባ ተርባ ነበር። በዚያ ረሃብ ወቅት ከተፀነሱት መካከል አድገው ስኪዞፍሬኒያ በሚባለው የአእምሮ ሕመም የሚያዙት ቁጥር እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። እጥፍ ሲባል ግን ያልታመሙት አሁንም እጅግ ብዙዎች ናቸው። በክፉ ቀን የተፀነሰ ልጅ ሁሉ ይጎዳል ማለት አይደለም። ይህን የምነግራችሁ እናቶች እንድትፈሩ አይደለም፤ ቤተሰብ እንዲሰማ ነው። ጦርነቱን እኛ እዚህ የተቀመጥነው ላናቆመው እንችላለን። ቤት ውስጥ ያለውን ጩኸት፣ ስድብና ዱላ ግን ማቆም እንችላለን። ነፍሰ ጡርን መምታት ሁለት ሰው መምታት ነው። ቀን ከሌት የምታለቅስ፣ እንቅልፍ ያጣች፣ መኖር ያስጠላት እናት ካለችም «ያልፍልሻል» ብቻ አትበሏት። ይዛችኋት ሂዱ፤ ሕክምና አለው።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ተከፈተ። ከተጠየቁት ሁለቱን ብቻ ልጻፍ።

አንዲት እናት «እኛ ክኒን ሳንውጥ ስምንት ወልደናል» አሉ። «እማማ፣ ጥንካሬያችሁን ማንም አይክድም» አልኳቸው። «ግን የዚያን ዘመን ስንት ሕፃን እንደተቀበረ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ምራትዎ እንደ እርስዎ ጠንካራ ናት። ክኒኑን ሲያስታውሷት ደግሞ ከእኔ ይልቅ እርስዎን ትሰማለች።» ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሌላዋ ወጣት ናት። ሰው ከተበተነ በኋላ ቀስ ብላ መጣች። የመጀመሪያ ልጇ ጀርባው ክፍት ሆኖ ተወልዶ አልቆየላትም። «የእኔ ጥፋት ነው?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። ማንም አልነገረሽም፤ ቱቦው ሲዘጋ አንቺ መፀነስሽንም አታውቂም ነበር። አሁን ግን ሌላ ልጅ ከማሰብሽ በፊት ሐኪም ቤት ሂጂና የሆነውን ተናገሪ። ላንቺ የሚታዘዘው ፎሊክ አሲድ ከሌላው ሰው አሥር እጥፍ፣ በቀን 4 ሚሊግራም ያህል ነው፤ ሐኪም የሚያዝልሽ ለብቻው የተሠራውን ነው። ጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የብረት ክኒን ደራርበሽ በመዋጥ አትሙዪው፤ ብረቱ ይበዛብሻል። ክኒኑን ጀምረሽ ሁለት ሦስት ወር እስኪሞላሽ መከላከያውን አታቁሚ። ስትሄጂም ባለቤትሽ አብሮሽ ይሂድ፤ የሚባለውን እሱም በጆሮው ይስማ።